የአለቃ አልጋ እግር የተቆረጠበት ቀን

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ የቀባሁት ቫርኒሽ ሁሉ አረፋ ያውጣ፣ ብሩሼም ፀጉሩ ረግፎ እንደ እኔ መላጣ ይሁን። አስቀድሜ የምምለው ወድጄ አይደለም፤ በእንጨት ቤታችን «ቆርጦ ቀጥል» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ለትምህርቴ የሚጨነቅ አንባቢ ካለም፣ ስድስተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ተምሬዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተምረው ያለፉት የእኔን ያህል ጠንቅቀው አያውቁትም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የቁም ሣጥን በር በብርጭቆ ወረቀት እያሻሸሁ ሳለ፣ ነጭ ጋዋን በክንዷ ያንጠለጠለች ቀጭን ወጣት ሴት ሰጋቱራውን እየረገጠች ገባች።

«ከሆስፒታሉ ነው የመጣሁት። ያዘዝነው ደረጃ ደርሶ እንደሆነ ልይ ብዬ።»

ደረጃውን አሳየኋት። ስንሠራው ስንስቅበት የከረምን ነገር ነው፤ በአንድ በኩል ሦስት እርከን ይወጣል፣ በሌላው በኩል ሦስት እርከን ይወርዳል፣ አለቀ።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝና፣ ይህ ደረጃ ወዴት ነው የሚያደርሰው?»

«ወደ ቤት» አለችኝ ሳትስቅ። «ከከባድ በሽታ የተነሳ ሰው በዚህ ላይ መውጣትና መውረድ መልሶ ካልተማረ የገዛ ቤቱ ደጃፍ ተራራ ይሆንበታል። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። መቀመጥ፣ መቆም፣ መራመድ እንደገና አስተምራለሁ።»

እንዲህ ያለ ትምህርት እንዳለ ባውቅ ኖሮ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያን ያህል ባልደከምኩ ነበር።

«የቤቱን ባለቤት ግን ባገኛቸው ደስ ይለኝ ነበር» ብላ ቀጠለች። «መዳፋቸው ውስጥ ስንጥር ገብቶ የታመሙትን። ከሆስፒታል በወጡ በሳምንታቸው እኛ ጋ እንዲመጡ ወረቀት ተሰጥቷቸው ነበር። ይኸው ስድስት ሳምንት ሆነ፤ የሰጡን ስልክም አይሠራም።»

ስለ አለቃ ነው የምታወራው። አለቃ የምንለው ለወጉ ነው እንጂ እኩያዬ ነው፤ መላጊያ መግፋት የጀመርነው በአንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ሳንቃ ሲያነሳ ጥፍር የማታክል ስንጥር መዳፉ ውስጥ ገባች። ስንጥር ለእንጨት ሠራተኛ ምኑ ነው? በጥርሱ አወጣትና ሥራውን ቀጠለ። በአራተኛው ቀን ግን ያንቀጠቅጠው ጀመር። መዶሻውን በእኔ ስም ጠርቶ እኔን «አቀብሉኝ» አለ። እኛም ቀለደ ብለን ሳቅን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ ማታውኑ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ።

ሐኪሞቹ «ሴፕሲስ ነው» አሉ። እንደገባኝ ላስረዳ፤ ሌባ ቤት ይገባል፣ ዘበኛው ሌባውን እይዛለሁ ብሎ በንዴት ግድግዳውንም ጣሪያውንም ሲያፈርስ ያድራል። ቁስል ውስጥ የገባው ተሐዋሲ ሌባው ነው፤ ዘበኛው የሰውዬው የገዛ ሰውነት ነው። አለቃ አሥራ ዘጠኝ ቀን በመሣሪያ ተነፈሰ። ሲወጣ ግማሹ ሰው የቀረ ይመስል ነበር።

«አለቃማ ንጉሥ ሆኗል!» አልኳት ለልጅቱ። «የሚተኛበትን አልጋ ብታዪ ታማሚ መሆን ያምርሻል።»

«ምን ዓይነት አልጋ?» አለች፤ ግንባሯ ተቋጠረ።

የሠራነው እኛው ነን፤ ሐሳቡ የታላቅ ወንድሙ የጋሼ ነው። በበሩ አልገባ ብሎ የመስኮቱን ፍሬም ነቅለን ነው ያስገባነው። ከግራ አምስት መሳቢያ አለው፤ ከቀኝ እንደ ክንፍ የሚዘረጋ ገበታ። ከራስጌው ገመድና መዘውር፣ ሲሳብ ጀርባውን ቀና የሚያደርግ። መንገዱን ከነአላፊ አግዳሚው የሚያሳይ መስታወት። ደወሉ ሲደወል ሦስት ሰፈር ማዶ ያለ ውሻ ይጮኻል። ከሥሩ ለሽንት የሚሆን ባልዲ የያዘ ተንሸራታች መሳቢያ። ከፍታው ሰማንያ ሳንቲ ሜትር፣ ጠያቂ ወገቡን ሳያጎብጥ ቆሞ እንዲያጫውተው። የማያውቁን ሰዎች ሳይቀሩ እየመጡ አይተውታል። አለቃ እዚያ ላይ ሆኖ ከጣቱ በቀር ምንም ማንቀሳቀስ አይጠበቅበትም።

«አሁኑኑ ውሰደኝ» አለችኝ።

በሩን የከፈቱልን ጋሼ ናቸው። አባታቸው ሲሞት አለቃ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አርባ ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። የመጋዘን ሰው ናቸውና ዕቃ ከተቀመጠበት ንቅንቅ ሲል ደማቸው ይፈላል።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ጠያቂ ከሆንሽ ግን ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ዕረፍት ላይ ነው።»

አለቃ አልጋው ላይ ነበር። ሚስቱ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰችው ነው። ሰላም ብሎን ፊቱን ወደ መስታወቱ መለሰ። ያ መጋዝ ሲስል እንኳ የሚያፏጭ ሰው፣ ስለ ሥራው ከጠየቀኝ ወር አልፎታል።

ልጅቱ ማንነቷን ተናገረችና አልጋውን ዙሪያውን ተመለከተች። «ሥራው ድንቅ ነው። የማን ሐሳብ ነው?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእኔ ነው።»

«ፍቅር እንዳለበት ያስታውቃል። ግን አባባ፣ ከሆስፒታል ስትወጡ የተሰጣችሁ ወረቀት የት ደረሰ?»

ጋሼ ከመደርደሪያ አንድ አቃፊ አወረዱ። ወረቀቱ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የገባበት ቀን ተጽፎበት ከነክብሩ ተቀምጧል።

«ይኸውልሽ። እጥፋት እንኳ የለውም።»

«አነበቡት?»

«ምን ብዬ? መጋዘን የገባ ዕቃ ይመዘገባል እንጂ ይበላል እንዴ?»

እኔ ሳቄን በሳል ሸፈንኩ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም፤ ለዚህ ነው ያኔውኑ ያከበርኳት። በሰው አለማወቅ የማይስቅ የተማረ ሰው በሕይወቴ ያየሁት ጥቂት ነው።

«እዚህ ላይ የተጻፈው» አለች፣ «በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መነሳት እንዳለባቸው ነው።»

«ልጄ፣ ቃልሽን አከብራለሁ። ግን ሞቶ የተመለሰ ሰው ነው። ደረቱ በመሣሪያ ሲነሳና ሲወድቅ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆሜ ያየሁ እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ተነስ፣ ውጣ፣ ውረድ ልበለው? በሬ ነው እንዴ?»

«በሬ አይደሉም። ግን ሣጥንም አይደሉም፣ አባባ።»

«ሣጥን ይሁንልኝ! ሣጥን ከተቀመጠበት አይወድቅም።»

«እስቲ ልጠይቅዎ፤ መጋዘናችሁ መኪና ነበረው?»

«አሥራ አራት።»

«ሳይነዳ ስድስት ወር የቆመ መኪና ጎማው ምን ይሆናል?»

ጋሼ አቃፊውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። ሰውዬው ቢቸግራቸው እንኳ መዋሸት አይችሉም፤ ከእኔ ጋር የማንግባባው በዚህ ነው።

«ያረፈበት ጎን ይደፈጠጣል» አሉ በመጨረሻ። «ለዚያ በየሳምንቱ ሰው መድቤ ጥቂት ጥቂት አስገፋ ነበር። ደግሞ በነገር ያዝሽኝ።»

«አልያዝኩዎትም። ይምጡና ይዩልኝ።» ብርድ ልብሱን ከአለቃ እግር ላይ ገለጥ አደረገች። ተረከዙ እንደ ጀንበር መጥለቂያ ቀልቷል። በጣቷ ጫን ብላ ለቀቀችው፤ ቅላቱ ንቅንቅ አላለም። «ያረፈበት ጎን ይኸው። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው እንዲህ ነው። ባለፈው በሽታው የገባው ስንጥር በበሳው ቀዳዳ ነው። ይህ ከተከፈተ ቀዳዳው ከስንጥሩ ስንት እጥፍ እንደሚሰፋ እርስዎ ይገምቱት።»

ሚስቱ ማንኪያውን ጣለች። «በየቀኑ ቅባት እቀባው ነበር እኮ! አንድም ቀን አልሰነፍኩ!»

«አውቃለሁ እህቴ። አንቺ ባትኖሪ እስካሁን ተከፍቶ ነበር። የጎደለው ትጋት አይደለም። የሚነግራችሁ ሰው ነው የጠፋው።»

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔም እጅ ሰጡ ብዬ ነበር፤ የድሮ ሰው ግን እንደ ሚስማር በአንድ የመዶሻ ምት አይገባም።

«እሺ» አሉ። «ይነሳ እንበል። ቢወድቅስ? ደግሞስ ሰው ምን ይላል? ‹ታሞ የተረፈ ወንድሙን ሳያገግም ሥራ አስጀመረው› አይለኝም? እኔ በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ ልሁን?»

«እንዳይወድቁ ነው እኔ የምመጣው። ደግሞ ሥራ ይጀምሩ አላልኩም፤ ዛሬ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡ ነው ያልኩት። ነገ ይቁሙ። ዕረፍትም አለበት፤ ግን ዕረፍት እንደ መድኃኒት መጠን አለው፤ ሲያንስም ሲበዛም ይጎዳል። ስለ ሰው ካነሱ ደግሞ፣ ስድስት ሳምንት ሁላችሁም ስለ እሳቸው ስታስቡ፣ ምን እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው አለ?»

ተያየን። አልጠየቅነውም። ደወል ሠራንለት እንጂ።

ወደ እሱ ዘወር አለች። «አለቃ፣ ከሁሉ በፊት ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?»

 አለቃ መስታወቱን እያየ፣ «ሽንት ቤት» አለ። «ብቻዬን ሄጄ፣ በሩን ዘግቼ።»

 ሽንት ቤቱ ከጓሮ በር አሥራ አራት እርምጃ ነው። ባልዲውን በቀን አራት ጊዜ የሚደፉት ጋሼ ናቸው፣ አንድም ቀን ፊታቸውን ሳያጠቁሩ።

«እኔ መቼ ሰለቸኝ አልኩህ?» አሉ ጋሼ።

«እርስዎ አልሰለቹም፣ ጋሼ። በልጅነቴም እርስዎ ነበሩ ያጠቡኝ። የመረረኝ እኔ ነኝ።» እንባው ወረደ። «ደግሞ የሰው ስም ይጠፋኛል። ሌሊት እባንናለሁ። ፀጉሬ በእፍኝ ይወልቃል። አበድኩ ብዬ ፈርቼ ለማንም አልነገርኩም።»

«አላበዱም» አለች ልጅቱ ፈጠን ብላ። «ይህ ሁሉ ሴፕሲስ ትቶት የሚሄደው ጣጣ ነው፤ ድካሙ፣ መርሳቱ፣ ቅዠቱ፣ ሆድ መባሱም። ብዙዎች ላይ ይታያል፤ ወራት ይፈጅ ይሆናል እንጂ አብዛኛው እየቀለለ ይሄዳል። ይህም ወረቀቱ ላይ ነበር።»

ጋሼ ላስቲክ የለበሰውን ወረቀት አዩት። አንድ ሰው በገዛ አቃፊው ሲያፍር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«በይ ልጄ» አሉ ብድግ ብለው። «ከየት ይጀመራል?»

አለቃን ደግፈን አልጋው ጫፍ አስቀመጥነው። እዚህ ላይ ጉድ ፈላ። እግሮቹ አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ያ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር! ጠያቂው እንዳያጎነብስ ብለን ታማሚውን መሬት ነፍገነዋል። ልጅቱ ከጉልበቱ ጀርባ እስከ ተረከዙ ለካች። አርባ አምስት።

«ሠላሳ አምስት ሳንቲ ከእግሩ መቆረጥ አለበት» አለች። «የአልጋውን ማለቴ ነው።»

ያን አልጋ አገር አይቶታል። ጋሼ አንዱን እግሩን በመዳፋቸው ዳበሱ፤ ቫርኒሹ መልካቸውን ያሳያል። ከዚያ ሳያዩኝ፣ «መጋዝ አምጣ» አሉኝ።

አለቃ ከአልጋው አልወርድም አለ። እንደዚያው ከነሰውዬው በድንጋይ ደግፈን ቆረጥን። ሦስተኛውን እግር ስጨርስ ከላይ ድምፅ መጣ፤

«ቆርጦ ቀጥል!»

«አቤት አለቃ!»

«ዓይንህ የት ነው? በቀኝ በኩል ሁለት ሚሊ አስረዝመሃል። ሊያወዛውዘኝ ነው። ስንቴ ነው መጋዝ በሆድ አይያዝም ያልኩህ?»

መጋዙን አስቀመጥኩ። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሼ ግድግዳ ግድግዳ አዩ። በስድብ ደስ ብሎኝ የማላውቅ ሰው፣ ያን ዕለት ቢደግምልኝ ብዬ ሌላውንም እግር አስረዘምኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱ በሳምንት ሦስት ቀን መጣች። እኛም «እሜቴ ተነሱ» አልናት። አለቃ መጀመሪያ ቀን ሃያ ቆጥሮ ተቀመጠ፤ ቤቱ ዞረበት። በሳምንቱ ቆመ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት እርምጃ ሄዶ ላቡ ጠብ ጠብ አለ። ጋሼ ወንበር ይዘው ከኋላ ከኋላው ይከተሉታል፣ በወደቀበት ሊቀበሉት። «ደረትዎን ካመመዎ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ ያቁሙ፤ ጀግንነት አያስፈልገኝም» ትለው ነበር። እንቁላሉን፣ ምስሩን፣ ወተቱን ራሱ በማንኪያው እንዲበላ አደረገች፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ልምምዱ ሥራው ነው ብላ። ጋሼም ደብተር ገዙ። የሰውነቱን ሙቀት፣ እርምጃውን፣ እንቅልፉን በቀይና በሰማያዊ ይጽፋሉ። ያን ወረቀት ከላስቲኩ አውጥተው ግድግዳ ላይ በአራት ሚስማር መቱት።

እዚህ ላይ ተረቱ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በአምስተኛው ሳምንት፣ ቁርስ ላይ፣ አለቃን ብርድ ብርድ አለው። ከዚያ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር።

«ነፋስ መትቶት ነው» አለች ሚስቱ። «አልብሱት፣ ይተኛ። ነገ እንዴት እንደሆነ እናያለን።»

ጋሼ ግድግዳው ጋ ሄዱ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን እያስኬዱ፣ ጮክ ብለው አነበቡ።

«‹መንቀጥቀጥ፤ ትኩሳት ወይም የሰውነት መቀዝቀዝ።› ይንቀጠቀጣል። ‹ፈጣን ትንፋሽ።› ቆርጦ ቀጥል፣ ትንፋሹን ቁጠር።»

ቆጠርኩ። በደቂቃ ሠላሳ። ስምል ሠላሳ ነው።

«‹የሽንት ማነስ።› ከትናንት ማታ ወዲህ አልሸናም፤ ደብተሩ ላይ አለ። ‹የንግግር መዘባረቅ።› አንተ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

አለቃ፣ «አርባ አምስት ሳንቲ» አለ።

እኔ በልማዴ ልስቅ ነበር። ጋሼ ግን ኮታቸውን እየለበሱ ነው። «‹ከእነዚህ አንዱም ቢታይ ነገን አትጠብቁ።› ነገ የሚባል የለም። ታክሲ ጥራ።»

«ጋሼ፣ ሰው ምን ይላል ለብርድ ሆስፒታል ስንሮጥ?» አለች ሚስቱ እያለቀሰች።

«የፈለገውን ይበል! ሰው ወንድም አይመልስልኝም!»

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ወረፋው እስከ በሩ ነበር። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ለነርሷ ልጅቱ ያስጠናቻቸውን ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ሳያጎድሉ ተናገሩ፦ «ከሦስት ወር በፊት ሴፕሲስ ይዞት ነበር፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ምልክቶቹ ታይተውበታል፤ እንደገና ይሆን ብለን ፈርተናል።» ነርሷ ብዕሯን ጥላ ተነሳች። ወዲያው አስገቡት፤ ደም ወሰዱ፣ መድኃኒት በደም ሥሩ ጀመሩ። የሽንት መሥመር ቁስለት ነበር። ማታ ሐኪሙ ወጥቶ፣ «በጊዜ ነው ያመጣችሁት፤ እስከ ነገ ብትቆዩ ሌላ ወሬ ነበር የማወራችሁ» አለን። በአምስት ቀኑ ወጣ፤ ያለ መሣሪያ፣ በገዛ ትንፋሹ።

ከወጣ በኋላ እንደገና ከሦስት እርምጃ ጀመረ። ሰባት ሆነ። አሥር ሆነ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከወንበሩ ተነሳ፣ ማንንም አላየም፣ በጓሮ በር ወጣ። ጋሼ ወንበራቸውን ብድግ ሲያደርጉ ልጅቱ እጃቸውን ያዘች። ቆመን ቆጠርን። አሥራ ሁለት። አንድ ጊዜ ግድግዳውን ያዘና ተነፈሰ። አሥራ ሦስት። አሥራ አራት። በሩ ተዘጋ። ከውስጥ መቀርቀሪያው ቀጭ አለ።

አራት ሰው በአንድ ሽንት ቤት በር ፊት እንደ ሠርግ አጃቢ ተሰልፎ ቆመ።

ጋሼ አልቻሉም። «አለህ?» አሉ።

«ምነው ጋሼ!» አለ ከውስጥ። «ሰው እዚህም ብቻውን አይሆንም?»

ጋሼ ሳቁ። ከሳቁ መሃል ደግሞ መሃረባቸውን ፈለጉ።

ዛሬ አለቃ በቀን አራት ሰዓት ይሠራል፤ ሁለት ሠርቶ ያርፋል፣ ሁለት ይሠራል። ስም አሁንም ይጠፋዋል፤ የእኔን ግን ስሳሳት አይጠፋውም። ስንጥር የገባበት ሠራተኛ እጁን በሳሙና ሳይታጠብና ቁስሉን ሳያሳይ መጋዝ አይነካም። ጋሼ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ያ ወደ ቤት የሚያደርስ ደረጃ በቆመበት ክፍል፣ ከአስታማሚዎች ጋር ይቀመጣሉ። እዚያ ጡቷ በካንሰር ምክንያት የተነሳላት ልብስ ሰፊ አለች፤ ክንዷን በየቀኑ ግድግዳው ላይ ከፍ እያደረገች በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች። ባሏ «አትድከሚ» እያለ ክንዷን ሊያወርድ ሲል ጋሼ ያዙት።

«ልጄ፣ ተው» አሉት። «እኔ በፍቅር ብዛት ወንድሜን መልሼ ላሳምመው ነበር። ስትወዳት አታስተኛት። የተሰጣችሁን ወረቀት አንብበው፤ ካልገባህ ጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ምልክቶቹን ከበርህ ኋላ ለጥፍ። እሷንም ምን እንደምትፈልግ ጠይቃት። እኛ ስንጠይቀው የፈለገው አሥራ አራት እርምጃ ብቻ ነበር።»

ሰውዬው እጁን አነሳ። ልብስ ሰፊዋ ካለፈው ምልክት በላይ አንድ ጣት ጨመረች።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ምያለሁና፣ የፈጠርኳትን አንዲት ነገር ልናዘዝ። አልጋው የጋሼ ሐሳብ አልነበረም። ያሰብኩትም፣ የነደፍኩትም፣ «ጠያቂው እንዳያጎነብስ ከፍ ይበል» ብዬ ሰማንያ ሳንቲ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ያን ዕለት ልጅቱ «የማን ሐሳብ ነው?» ስትል ጋሼ አየት አደረጉኝ። እኔ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ። ያኔ ነው ጉሮሯቸውን ጠርገው «የእኔ ነው» ያሉት፤ ውሸት የማያውቁት ሰው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሱብኝም።